ቀንድ ያልነበረው በሬ

ሰዎቹን አንድ በአንድ ላስተዋውቅ። ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ ወደ ነገር የሚገባ ሰው ለመፍረድ ይቸኩላል።

የመጀመሪያው ጋሽ ይመር ናቸው፤ በመካነ ሰላም ክሊኒክ ቁስል የሚያክሙት የድሬሰሮች አለቃ፣ የእኔም አስተማሪ። ሁለተኛው አራጋው ነው፤ ገና በሕፃንነቱ አንድ ዓይኑ የወጣ፣ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ በሚካኤል ደብር ሥር የሚያርስ ገበሬ። ከዚያ ሚስቱ የሺመቤት፣ ልጃቸው ትርንጎ። የደብሩ ቄስ አድማሱ፣ የአራጋው ቤተሰብ የንስሐ አባት። የየሺመቤት አባት አቶ ደምሴ፣ ሰባት ቤት ቆጥረው ልጅ የሚድሩ ሰው። ከአዲስ አበባ የመጡት የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሶስና። እኔ፣ ወልዴ። በመጨረሻም ዳልቻ የሚባል በሬ አለ። ዳልቻ እኔ ሳላየው ነው የሞተው፤ ነገር ግን ከሁላችንም ይልቅ ብዙ የተወራው ስለ እሱ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ለደም ግፊቴ ሆስፒታል ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ አንዲት ወጣት ነርስ አራስ ልጅ ቀና አድርጋ ይዛ በትንሽ መብራት ዓይኑን ስታይ ተመለከትኩ። እናቲቱ ደንግጣ «ምን ሆኖብኝ ነው?» አለች። ነርሷም «ምንም አልሆነ፤ ሁሉንም ነው የምናየው» አለቻት። ያቺ ቃል የጋሽ ይመር ቃል ናት። ልጅቷ ከማን እንደወረሰቻት አታውቅም። እኔ ግን ተራዬን ትቼ ቤቴ ገባሁና ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራ የጀመርኩት በዘበኝነት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ሰው የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል የለየሁት ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ይህን ለልጆቼ ደጋግሜ ስለነገርኳቸው ሰልችቷቸዋል፤ ይሰልቻቸው። ደብተር ተገዝቶለት የሚያንቀላፋ ልጅ ሳይ እስከ ዛሬ ያመኛል። በኋላ ደሴ ሄጄ አጭር ኮርስ ወሰድኩና አጅባር ተመደብኩ። የአጅባሩ አለቃዬ በሽተኛን በሰልፉ እንጂ በስሙ የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ከእሳቸው የተማርኩት እንዴት መሥራት እንደሌለብኝ ነው፤ ያም ትምህርት ነው። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም። ትንሽ ነበር፣ ይዘገይ ነበር፣ ልጅ ግን አሳድጌበታለሁ። ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት በኋላ ወደ መካነ ሰላም ተዛወርኩና ከጋሽ ይመር እጅ ገባሁ።

ጋሽ ይመር ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፤ የክርስቲያኑን በዓል ግን ከእኔ ይልቅ በቃላቸው ይዘውት ነበር። «ሰው የሚገኘው በበዓሉ ነው» ይላሉ። በሽተኛ ሲገባ ስለ በሽታው አይጠይቁም። ስለ ከብቱ ነው የሚጠይቁት። ሰውየው ስለ በሬው ሲያወራ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚቀመጥ፣ የትኛውን እጁን እንደሚያነሳ ያያሉ። ወሬው ሲያልቅ እሳቸው ግማሹን መርምረው ጨርሰዋል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አንድን ሰው ከሰው መካከል ለይተው አያዩም። አንዲት ልጅ እከክ ይዟት ከሆነ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሰብስበው እጅ ያያሉ። እኔ አዲስ ሆኜ «ጊዜ ማባከን አይሆንም ወይ?» ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ።

«ወልዴ» አሉኝ፤ «በሽታ ስም ብቻ ነው ያለው። በሽተኛ ግን ጎረቤት አለው።»

የአገሩን ልማድ ለሚያውቅ ነገሩ ግልጽ ነው። በእኛ ዘንድ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘር ነው፤ መሬቱ ኋላ ይመጣል። ቁምጥና አለበት ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለበት ወይ ይባላል። አንድ ልጅ ተለይቶ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ከታየ እህቱ ሳትዳር ልትቀር ትችላለች። ጋሽ ይመር የሚጠነቀቁት ለዚህ ነበር። ይህ ጥንቃቄያቸው ብዙ ሰው አድኗል። አንዴ ደግሞ አጥፍቷል፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ዶክተር ሶስና የመጡት ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ነው። በአቀስታ በኩል በላንድሮቨር ሲንገላቱ ውለው ደርሰው፣ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ሥራቸውን ነገሩን። በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በዓይን ነቀርሳ ምክንያት ዓይናቸው የወጣ ሕፃናት ነበሩ።

«ዳኑ ብለን ዘጋናቸው» አሉ። «ከዚያ ወዲያ አድገው ምን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። የቀረው ዓይናቸው ያያል ወይ? አጥንታቸውን ያማቸዋል ወይ? ከወለዱስ የልጆቻቸው ዓይን እንዴት ነው? ልጅን ማዳን ቢላዋው ላይ አያበቃም። የዳነው ልጅ እንዴት እንደኖረ ካላወቅን ግማሽ ሥራ ነው የሠራነው።»

ከዚያ የሚያስፈራውን ነገሩን። ይህ ነቀርሳ አንዳንዴ ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። በልጁ ዓይን ውስጥ ገና ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት መላ አለው፤ ከዘገየ ዓይኑን ይወስዳል፤ ከዚያም ከዘገየ ወደ አንጎል ይገባል። ከሕፃንነቱ ነቀርሳ ያመለጠውም ሰው ቢሆን ካደገ በኋላ አጥንቱ ላይ፣ በተለይ እግሩ ላይ፣ ሌላ ሊነሳበት ይችላል። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ የሰው እግር ሳላይ መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ከዚሁ ከእኛው አውራጃ ከቦረና የሄደ አንድ ልጅ ነበር። በዶክተሯ መዝገብ ስሙ ኃይለ ሚካኤል ተብሎ ተጽፏል። አካባቢውን ብናስስ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ጠፋ። አባትየው ለሐኪሙ የነገሩት የክርስትና ስሙን ኖሯል። የክርስትና ስም ደግሞ መተተኛ እንዳይጠቀምበት ከጎረቤት ይደበቃል።

ጋሽ ይመር በስም መፈለጉን ተዉት። በገበያ ቀን በጎች ተራ አጠገብ እየቆሙ አንድ ዓይን ያለውን ጎልማሳ ሁሉ ማነጋገር ጀመሩ። አራጋውን ያገኘነው እንዲያ ነው። በግ ሊሸጥ መጥቶ ነበር። ስለ በጉ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ ካወሩ በኋላ፣

«ዓይንህን ምን ነካህ፣ የኔ ልጅ?» አሉት።

«በሬ ወጋኝ። ዳልቻ የሚባል በሬ ነበረን። ሦስት ዓመቴ ነው አሉ፤ እኔ አላስታውሰውም። ግን እስከ ዛሬ ዳልቻ በሬ ቤቴ አላስገባም። ሰው ዳልቻ ሲነዳ ካየሁ መንገድ እለውጣለሁ።»

«በሬው ታረደ?»

«የት ታረደ። ነፍስ ሳላውቅ አርጅቶ ሞተ እንጂ። የሩቅ ሰው ሁሉ ‹ልጅህን ያሳወረ በሬ እንዴት ታኖራለህ?› ሲለው፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ‹ጥሩ ያርሳል› ይል ነበር።»

«ሐቅ ነው፤ ጥሩ አራሽ አይታረድም» አሉ ጋሽ ይመር። አራጋው ሳቀ። ሚስቱ ልትወልድ እንደቀረበች፣ በጉንም ለአራስ ቤት ወጪ እንደሚሸጠው ነገረን። እኛም ተሰናበትነው።

ጥቂት ራቅ ስንል ቆሙ። «የዓይን ቆቡን አየኸው? ቀንድ ቆብ ሳይቀድ ዓይን አያወጣም። የዚህ ልጅ ቆብ ምንም ጠባሳ የለበትም። ይህ የቢላዋ ሥራ ነው፤ የጥሩ ሐኪም ቢላዋ።»

በማግስቱ ወደ ሚካኤል ወጣን። ቄስ አድማሱ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሁለቱ የቆየ ወዳጅነት አላቸው።

«አባ፣ የአራጋው አባት ልጁን አዲስ አበባ ወስዶት ያውቃል?»

«ይመር፣ አንተ ሐኪም ነህ ወይስ መርማሪ? ሰውየው በእኔ እጅ ነው ንስሐ ገብቶ የሞተው። የሙት ምሥጢር ከእኔ አታገኝም።»

«ሐቅ ነው። እንዳልጠየቅሁ ይቁጠሩት።»

ተነሥተን አጥሩ ጋ ስንደርስ ቄሱ ወደ እኛ ሳይዞሩ እንዲህ አሉ፦ «ስለ ሰው ነው እንጂ ስለ በሬ ማውራት አልተከለከልኩም።»

ጋሽ ይመር ተመለሱ። «እስቲ ስለ በሬ ያውሩልን።»

«ዳልቻ ቀንድ አልነበረውም። ከጥጃነቱ ጀምሮ ራሱ እንደ እንስራ ነበር።»

ጋሽ ይመር እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አባትየው ለምን እንደዋሹ ገብቶኛል፤ የልጃቸው ዘር እንዳይነወር ነው። ዳልቻን ያዩ ሰዎች ከቄሱ በቀር አርጅተው አልቀዋል፣ ያላዩት ደግሞ ቀንድ አበቀሉለት። አራጋው ራሱ አመነ። አቶ ደምሴም ‹በሬ የወጋው ጤነኛ ልጅ ነው› ተብለው፣ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ የሺመቤትን ዳሩለት።

ከደብሩ ስንወርድ መንገዱን ሁሉ ተከራከርን።

«ይነገረው» አልኩ። «ነገ ልጅ ይወልዳል።»

«ምን ብለህ ልትነግረው ነው? ‹አባትህ ዋሽቶሃል፣ ሚስትህ የመጣችልህ በሐሰት ነው፣ የምትወልደውም ሊታወር ይችላል› ብለህ?»

«እውነት ከሆነ፣ አዎ።»

«አንተ ልጆችህን እንዴት እንደምታሳድግ አውቃለሁ። እውነትን እንደ አርጩሜ ነው የምትይዘው። አብሽር ወልዴ፤ እውነቱ የትም አይሄድም። ልጁን እኛ እናይለታለን። ዓይኑ ደህና ከሆነ በከንቱ ለምን ቤት እናፍርስ? ደህና ካልሆነ ያን ጊዜ እንነግረዋለን።»

ዶክተር ሶስና ቢነገረው ይሻላል ባይ ነበሩ። ነገር ግን «ሰዉን የምታውቁት እናንተ ናችሁ» ብለው ለእኛ ተዉት። እኔ ለአለቃ የምታዘዝ ሰው ነኝ። ታዘዝኩ።

ጋሽ ይመር ያገኙት መላ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። በዚያ ቀን የማይመጣ ልጅ የለም፤ ማንም ተለይቶ ተጠራ አይባልም። ከቄሱ ጋር ተስማሙና ከጥምቀቱ በኋላ እናቶች በተራ በጨለማው ደጀ ሰላም ገብተው የልጆቻቸውን ዓይን አሳይተው እንዲሄዱ ሆነ። ከዚያ ደግሞ በዓመት ሁለቴ፣ በኅዳርና በሰኔ ሚካኤል፣ የደብሩ ትንንሽ ልጅ ሁሉ ይታያል።

ቄስ አድማሱ መጀመሪያ ቀን ጋሽ ይመርን በራፍ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ አይተው «ይመር፣ ክርስትና ልታነሳ መጣህ?» አሏቸው።

«ካነሳሁ አይቀር ሁሉንም ነው የማነሳው። ስጦታ ግን ከእኔ አትጠብቁ።»

እንዴት እንደሚታይ ያስተማሩኝ እዚያ ነው። በጀርባው ያስተኙት ሕፃን ያለቅሳል፣ ዓይኑንም ይጨፍናል፤ ቀና አድርገው ሲይዙት ግን ራሱ ይገልጠዋል። የሕፃን ዓይን በጣት ፈልቅቀህ አትክፈት፤ ሁለተኛ አያምንህም። ባትሪውን ከራስህ ጉንጭ አስጠግተህ ያዝ፣ ብርሃኑና የአንተ ዓይን በአንድ መስመር ይሂዱ። ደህና ዓይን ከውስጥ እንደ ፍም ቀይ ሆኖ ይመልስልሃል። የታመመው ነጭ ሆኖ ያበራል፣ እንደ ድመት። ልጁ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ዓይኖቹን በመዳፍህ አንድ በአንድ ሸፍንበት፤ የሚያየውን ዓይን ስትሸፍንበት ይቆጣል፣ የማያየውን ስትሸፍን ዝም ይላል።

ትርንጎ በሰማንያ ቀኗ መጣች። ቀና አድርጌ ያዝኳት። ቀኙ ፍም፣ ግራው ፍም። በሰኔ ሚካኤልም ፍም ነበር። የሺመቤት ምንም ሳትጠረጥር ልጇን አዝላ ሄደች። እኔ ግን የሚቀጥለውን ሚካኤል መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ደህና መሆኑ ለሚቀጥለው ዋስ አይሆንም፤ ዶክተሯ እስከ አምስት ዓመቷ ድረስ እንድንጠብቅ ነግረውናል።

አራጋውን ደግሞ በገበያ አየዋለሁ። ከሩቅ ሲመጣ አረማመዱን እከተላለሁ፤ ያነክስ እንደሆነ፣ አንዱን እግር ይሸሽ እንደሆነ። አንድ ቀን ያዘኝ።

«አያ ወልዴ፣ ምነው ሁልጊዜ እግሬን የሚያዩት? በቅሎ ሊገዙ ነው እንዴ?»

«አረማመድህ ደስ ብሎኝ ነው።»

«እንግዲያ ጥርሴንም ይዩት» ብሎ አፉን ከፈተልኝ። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ሳቁ። አብሬ ሳቅሁ። ሲሄድ ግን እግሩን እንደገና በዓይኔ ተከተልኩ።

በመስከረም ጋሽ ይመር ከሰፋሪዎች ጋር ወደ ምዕራብ እንዲሄዱ ታዘዙ። ድርቁ የበረታበት፣ ሰው ለሰፈራ የሚመዘገብበት ዓመት ነው። ሲሰናበቱኝ ባትሪያቸውን ሰጡኝ። «ልጅቷን እንዳትረሳ። ሚካኤል በመጣ ቁጥር። እሷን ብቻ ደግሞ እንዳታይ፤ ሁሉንም» አሉ።

እኔም ቃላቸውን ጠበቅሁ። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። የጋሽ ይመር ልማድ ለሰላም ቀን የተሠራ ነበር፤ እኔ ሳልቀንስ ሳልጨምር ለክፉ ቀን አዋልኩት።

በዚያ ዓመት ያለ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ ስለማይቻል የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር አስፈቀድኩ። ሊቀ መንበሩ ሊተባበረኝ ብሎ ጥሩንባ አስነፋ። «ለኅዳር ሚካኤል ሁሉም ልጁን ይዞ ደጀ ሰላም ይገኝ፤ የቀረ ይጠየቃል» ተባለ። ገበያ የወጣ ሰው ተጭኖ ተወሰደ የሚል ወሬ አገሩን በሞላበት ጊዜ፣ ያ ጥሩንባ ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልገኝም።

በኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ወጣ። የመጣው ሽማግሌና አሮጊት ብቻ ነበር። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም። ባትሪዬን ይዤ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ብቻዬን ቆምኩ።

ቄስ አድማሱ ገብተው አዩኝ። «ሄሮድስ መጣ ብለው ነው የሸሹት» አሉ። «ዛሬ ሄሮድስ አንተ ነህ፣ ወልዴ።»

አራጋው ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ አባይ ቆላ፣ የየሺመቤት አክስት ዘንድ ወርዷል አሉኝ። መልእክት ላክሁ፤ «ሐኪሙ ልጅህን ማየት ይፈልጋል» ብዬ። ምክንያቱን መጨመር አልቻልኩም፤ መልእክተኛው ጎረቤት ነው። መልእክቱ በደረሰ ማግስት አክስቲቱን ትቶ ወደ ባሰው ቆላ ገባ። እኔ ራሴ በእግሬ ወረድኩ። ያለኝ ልብስ የመሥሪያ ቤቱ ካኪ ነበርና እሱን ለብሼ። ቤት አንኳኳሁ፣ ስማቸውን ጠራሁ፤ የሚያውቃቸው ሰው ጠፋ። ያን ቀን ገደሉ ላይ ሆነው እያዩኝ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ያን ወራት እንዴት እንዳሳለፍኩት ሚስቴ ትመስክር። ልጆቼ ‹አባባ በቁጣ አበደ› ይሉ ነበር። ቁጣ አልነበረም። አንዲት ትንሽ ነገር በጨለማ ውስጥ እያደገች እንደሆነ ታስባለህ፣ የት እንዳለች አታውቅም፣ ለማንም አትናገርም። ያን ጊዜ የገዛ ልጆቼን ተኝተው ሳሉ የዓይን ቆባቸውን እያየሁ እቆም ነበር፤ ምክንያት ኖሮኝ አይደለም።

በሰኔ፣ ዝናቡ ሲጀምርና ወሬው ሲበርድ፣ ተመለሱ ተባለ። ያን ዕለት ቤታቸው ደረስኩ። አራጋው እርሻ ላይ ነበር። የሺመቤት ስታየኝ አልሸሸችም። ትርንጎ መሄድ ጀምራለች፤ ከጓዳ ስትወጣ በቀኝ በኩል የበሩን መቃን ገጨች። ሳታለቅስ ዞራ ሄደች። የለመደችው ይመስላል።

ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳት። ቀኝ ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩ፤ ዝም አለች። ግራውን ሸፈንኩ፤ እጄን በሁለት እጆቿ ገፍታ ጮኸች። ባትሪውን ለኮስኩ። ግራው ፍም። ቀኙ ነጭ።

«እንደ ድመት ያበራል» አለች የሺመቤት ቀስ ብላ። «ቆላ ሳለን ነው የጀመራት። ለአራጋው አልነገርኩትም፤ ቡዳ በላት ብሎ እንዳያብድብኝ።»

እሱን ልነግር ወደ እርሻው ሄድኩ። ሲያየኝ እርፉን ያዘና ቆመ።

«ስለ ዳልቻ ልነግርህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ደግሞ ምን አደረገ? ሞቷል እኮ።»

«ቀንድ አልነበረውም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ አባቱን፣ አዲስ አበባን፣ ነቀርሳውን፣ የልጁን ዓይን። እስክጨርስ በሬዎቹን ነው የሚያየው እንጂ እኔን አላየኝም።

«ይህን መቼ ነው ያወቁት?»

«ትርንጎ ሳትወለድ።»

«ሳትወለድ» አለ። እርፉን ለቀቀና «እኔ ልጄን ይዤ የሸሸሁት ከእርስዎ ነው» አለኝ። «ከገደሉ ላይ አየንዎት። ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ። የሺ ‹ሐኪሙ ናቸው› ስትለኝ አፏን በእጄ ነው የያዝኩት። ነግረውኝ ቢሆን ከዚያ ገደል ተሸክሜ አመጣልዎ ነበር።»

በዕድሜዬ ብዙ ሰው ገሥጫለሁ፤ እንደዚያ የተገሠጽኩበት ቀን ግን የለም፤ ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

በእህል መኪና ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ወሰድናት። ዶክተር ሶስና ራሳቸው ተቀበሉን። ቀኝ ዓይኗ ወጣ። በሽታው ከዓይኑ አላለፈም፤ ነፍሷ ተረፈች፤ ግራው ንጹሕ ነው። ዶክተሯ ለብቻዬ አድርገው «በኅዳር ብንደርስበት ምናልባት ዓይኑም ይተርፍ ነበር» አሉኝ። ‹ምናልባት› የምትባለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አትለቀኝም። ከዚያ አራጋውን ጠርተው አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ራሱ አጥንት፣ ስለሚወልዳቸው ልጆች ሁሉ ነገሩት። እኛ ሁለት ዓመት ፈርተን የደበቅነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነገረው። አልወደቀም። «እንግዲህ ያን በሬ በከንቱ ነው የረገምኩት» ብቻ ነው ያለው።

ልጅቷ አንድ ዓይኗን ታሽጋ ስትመለስ ነገሩን መደበቅ አልተቻለም። አቶ ደምሴ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። እኔም ተጠርቼ ነበር።

«ዘር ደብቃችሁ ልጄን ወሰዳችሁ» አሉ። «ልጄን መልሱልኝ። ለሌላ እድራታለሁ።»

የሺመቤት ትርንጎን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። «አባዬ፣ ይህችም የእርስዎ ዘር ናት። ሰባት ቤት ሲቆጥሩ እሷ ጋ ሲደርሱ ሊዘሏት ነው?»

«እኔ የማውቀው የደረሰብኝን ነው።»

«እንግዲያ አልወጣም።»

አቶ ደምሴ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ዳግመኛ የዚያን ቤት ደፍ አልረገጡም። አላቆምኳቸውም። ምን ብዬ? የተታለሉት እውነት ነው።

በሁለተኛው ዓመት የሺመቤት ወንድ ወለደች። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሣ ሲመጣ ደጀ ሰላሙ በእናቶች ተሞልቶ ነበር፤ ጥሩንባ ሳይነፋ፣ እንደ ቀድሞው በቄሱ ቃል። እኔ እንደ ልማዴ እሷን ከመካከል አድርጌ በተራ ልጀምር ስል፣ ሰዉን ሰንጥቃ ፊቴ ቆመች።

«ሐኪም፣ የእኔን አስቀድሙልኝ» አለች ሁሉም እየሰማ። «በዚህ ልጅ አባት ዘር የዓይን ነቀርሳ አለ። ፈጥነው ካዩት ይድናል፣ ከተደበቀ ያሳውራል።»

አንዲት ሴት ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች። ከኋላ ደግሞ አንዲት አሮጊት «እኛ ዘንድ ያለውን ሁሉ ብንናገር ደጀ ሰላሙ አይበቃንም፤ በይ እለፊ፣ ወረፋውን አታቆሚብን» አለች። ሳቅ ሆነ፤ ቤቱም ተነፈሰ።

ሕፃኑን ቀና አድርጌ ያዝኩ። አራጋው ከበሩ ውጭ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ መግባት አልቻለም። ባትሪውን ከጉንጬ አስጠጋሁ። ቀኙ ፍም። ግራው ፍም።

«ዙር» አልኩት አራጋውን።

ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ለምን እንደማየው ሳልነግረው አይቼ አላውቅም። አራጋውም በገበያ ቀን ሥራ ጀመረ። አንድ ዓይን ያለው ጎልማሳ ካየ አጠገቡ ይቀመጥና «በሬ ወጋኝ እንዳትለኝ ብቻ» ብሎ ይጀምራል። ዶክተር ሶስና በእሱ በኩል ያገኟቸው ሰዎች እኔ ካገኘኋቸው ይበልጣሉ።

አሁን የተከፈለውን ልደምር፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ እንደጠራሁ አንድ በአንድ ልሸኛቸው። ትርንጎ ቀኝ ዓይኗን። የሺመቤት የአባቷን ደጅ። አቶ ደምሴ የልጅ ልጆቻቸውን፤ ሲሞቱ የትንሹን ስም እንኳ አያውቁም ነበር። ቄስ አድማሱ ‹የንስሐ ምሥጢር አወጡ› ተብለው ብዙ የንስሐ ልጆቻቸውን አጡ፤ ያወሩት ስለ በሬ መሆኑን የሰማቸው የለም። ዶክተር ሶስና ‹ዳኑ› ብለው የመዝጋት እረፍታቸውን። ጋሽ ይመር በሄዱበት አገር በወባ ሞቱ። ደግነታቸው ምን እንዳተረፈ ያውቁ ነበር፤ ምን እንዳጎደለ ሳይሰሙ ቀሩ፤ ይህ ለእሳቸው ምሕረት ይሁን ጉዳት እኔ አልፈርድም። አራጋው አባቱን ሁለተኛ ቀበረ፤ መጀመሪያ ሰውየውን፣ ኋላ ቃሉን። እኔ እረፍቴን። ትርንጎ ዛሬ ባለ ትዳር ናት፤ ልጆቿን ይዛ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከሰላምታ በፊት እግሯን አያለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ግቢውን አንዴ ዞራ ታሳየኛለች። ከዚያ ነው የምንሳሳመው።

ዳልቻ ብቻ ምንም አልከፈለም። ሣሩን ግጦ፣ እርሻውን አርሶ፣ አርጅቶ ሞተ። በሌለው ቀንዱ ግን ሁላችንንም ወጋን።